ቫራናሲን ማን ነው ያቆያት?

ስለ ቫራናሲ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ዘመን ያልለወጣት ከተማ» በሚል ውዳሴ ይጀምራል። ውዳሴው ለአስጎብኚ ድርጅቶች ይመች ይሆናል፤ የከተማዋን ታሪክ ግን ይሸፍናል። በሰሜን ህንድ በጋንጀስ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኘው፣ በጥንት ስሟ ካሺ የምትባለው ይህች ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጀመሪያው ሺህ ዓመት ሰዎች እንደኖሩባት በቁፋሮ ተረጋግጧል፤ ዛሬ ጎብኚ የሚደነቅባቸው የወንዝ ዳር ሕንፃዎችና «ጋት» የሚባሉት የድንጋይ ደረጃዎች ግን አብዛኞቹ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ፣ በተለይም ማራታ በሚባሉት የምዕራብ ህንድ ሂንዱ ገዢዎች ገንዘብ የተሠሩ ናቸው።

ለሂንዱው አምላክ ለሺቫ የቆመው የቪሽዋናት ቤተ መቅደስ ህንድን ይገዛ በነበረው የሙስሊሞቹ የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት በአውራንግዜብ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1669 ፈርሶ በቦታው የግያንቫፒ መስጊድ ተሠራ፤ የአሮጌው መቅደስ ግድግዳ በከፊል እስከ ዛሬ ከመስጊዱ ጀርባ ይታያል። የአሁኑን ቤተ መቅደስ ከመቶ ዓመት በኋላ ከጎኑ ያሠራችው የኢንዶሯ ገዢ አሂልያባይ ሆልካር ስትሆን፣ ጉልላቱ የተለበጠበትን ወርቅ የሰጠው ደግሞ የፑንጃቡ የሲኮች ንጉሥ ራንጂት ሲንግ ነው። ከተማዋን እንዳገኛት ሊተዋት የፈቀደ ኃያል ያለ አይመስልም።

ሳይቋረጥ የቆየው የሰዎቿ ሥራ ነው። በካሺ የሞተ ሰው ከዳግም መወለድ ዑደት ነፃ ይወጣል ብለው የሚያምኑ ሂንዱዎች አስከሬን በሚያቃጥሉበት በማኒካርኒካ ጋት፣ እሳቱን የሚጠብቁት ዶሞች ናቸው፤ ለዘመናት እንደ ርኩስ የተቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን የትልቁም የትንሹም አስከሬን ያለ እነርሱ አይቃጠልም። የሂንዱ ሙሽሮች የሚመኙትን በወርቅና በብር ክር የተጌጠ የሐር ሳሪ የሚሸምኑት በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው። የሁለቱንም ሃይማኖቶች መሪዎች በግጥሙ የሚሸነቁጠው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ካቢር ከሸማኔ ቤተሰብ ወጥቷል። በቤተ መቅደስ ሸህናይ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ሲነፋ የኖረው ኡስታድ ቢስሚላህ ካን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሽልማት የተቀበለው፣ ሙስሊም ነበር።

ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ከተማዋን በፓርላማ የሚወክሉት ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ ቤተ መቅደሱን ከወንዙ ጋር የሚያገናኘውን ሰፊ መተላለፊያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሲመርቁ፣ ተቺዎች «ጥንታዊነቷ ጠፋ» ብለው ጮኹ። ይህ ክስ ለእኔ ደካማ ነው፤ በጠባቦቹ መንገዶች ይጨናነቁ የነበሩ ምዕመናን በእርግጥ እፎይ ብለዋል። የሚበረታው ጥያቄ፣ ተገዝተው በፈረሱት በመቶዎች በሚቆጠሩ ቤቶችና ሱቆች ይኖሩና ይሠሩ የነበሩት የት ይግቡ የሚለው ነው። በመስጊዱ ላይ የቀረበው የይገባኛል ክስ በቀጠለበት፣ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በመስጊዱ ምድር ቤት ሂንዱዎች እንዲያመልኩ በፈቀደበት ጊዜ፣ ሙስሊሙ ሸማኔ በዚህች ከተማ ያለው ቦታም ከዚሁ ጥያቄ ጋር አብሮ ይነሣል። እርሱ ደግሞ በርካሽ በሚያመርተው የኤሌክትሪክ ሽመና መሣሪያ ገበያውን እየተነጠቀ ነው፤ በከተማዋ ሌላ ስም የሚጠራው የባናራስ የሐር ሽመና እ.ኤ.አ. በ2009 ያገኘው የመነሻ ቦታ ስያሜ ጥበቃም ይህን አላስቆመውም።