ፊቱ የማይፈታ ኮሜዲያን

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ብዙም ሳይርቅ ኤኤፍአይ ሲልቨር የሚባል ሲኒማ ቤት አለ። አልፎ አልፎ ድምፅ አልባ ፊልሞችን ሙዚቀኛ በቀጥታ እያጀባቸው ያሳያል። ፈረንጁ መቶ ዓመት ገደማ ለሆነው ፊልም ቲኬት ቆርጦ ይገባል። እኛ በሩ ላይ እናልፋለን። "ድምፅ ከሌለው ምኑ ያስቃል?" ነው ነገሩ።

አይፈረድብንም። የኛ ቀልድ አፍ ላይ ነው። ደረጀና ሀብቴን እስቲ ድምፃቸውን ዘግታችሁ እዩዋቸው፤ ግማሹ ሳቅ ይጠፋል።

አክስቴ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን ሲመጡ ይዣቸው ገባሁ። የድምፅ አልባው ዘመን አሜሪካዊ ኮሜዲያን የበስተር ኪተን "ስቲምቦት ቢል ጁኒየር" ነበር፣ እ.ኤ.አ. የ1928ቱ። አውሎ ነፋስ ከተማውን ያተራምሳል። ኪተን ግራ ገብቶት አንድ ቤት ፊት ቆሟል። የቤቱ የፊት ግድግዳ እንዳለ ተገንጥሎ ይወድቅበታል። ክፍት የነበረችው የላይኛዋ መስኮት ልክ እሱ የቆመበት ላይ አረፈች። በግራና በቀኝ የተረፈው ጥቂት ኢንች ነው። የካሜራ ማታለያ የለም፤ ግድግዳውም የምር ከባድ ነበር። አዳራሹ በሳቅ ሲፈነዳ አክስቴ "ማርያም አወጣችህ!" ብለው ጮኹ። ከፊታችን የነበሩት ዞረው አዩን።

ኪተን ካሜራውን ራቅ አድርጎ ያቆማል። ሰውየውም አደጋውም አንድ ላይ ይታያሉ። ሳቁልኝ ብሎ አይጠቅስም፣ ፊቱ ድርቅ እንዳለ ነው። ከአገር ቤት በዩቲዩብ የሚደርሱን አንዳንድ ቧልቶች ግን ቀልዱ ሳያልቅ "ቦይንግ!" የሚል ድምፅ ይለቁብናል። ተመልካች መቼ እንደሚስቅ አያውቅም እንዴ?

ኪተን በ1928 ኤምጂኤም ከሚባለው ትልቅ ስቱዲዮ ጋር ተፈራረመ፤ ነፃነቱም እዚያው ቀረ። ፊልሞቹም ተረስተው ነበር። በ1950ዎቹ የድሮ ቤቱን የገዛው ተዋናይ ጄምስ ሜሰን የተደበቁ ቅጂዎች አገኘ፤ ተጠግነው ዛሬ ይታያሉ። እኔ በልጅነቴ ያየሁትን የቴሌቪዥን ጭውውት ስፈልግ የማገኘው ከቪዲዮ ካሴት የተቀዳ፣ ድምፁ የሚቆራረጥ ነገር ነው። ያናድዳል።

ለጀማሪ የ1924ቱን "ሼርሎክ ጁኒየር" እመክራለሁ። 45 ደቂቃ ብቻ ነው። ባቡር ጣቢያው ላይ ከውሃ ታንከሩ የሚወርደው ውሃ ሐዲዱ ላይ ሲጥለው የኪተን አንገት የምር ተሰብሯል። ያወቀው ከዓመታት በኋላ ራጅ ሲነሣ ነው። ትዕይንቱ አልተቆረጠም፤ ተነሥቶ ሲሮጥ ታዩታላችሁ።