የጸደቀው አዋጅ የት ደረሰ?

ታክሲ ውስጥ ነን። ሬዲዮው «ምክር ቤቱ የታክስ ረቂቅ አዋጁን በአብላጫ ድምፅ አጸደቀ» ሲል አጠገቤ የተቀመጡ ባለሱቅ «በሉ እንግዲህ፣ ከነገ ጀምሮ መክፈል ነው» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ብዙዎቻችን እንደ እሳቸው ነን፤ «ጸደቀ» ከተባለ ያለቀለት ይመስለናል። ችግኝ ጸደቀ የሚባለው ሥር ሲሰድ ነው። አዋጅ ግን ጸድቆም ገና መንገድ ይቀረዋል።

ረቂቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በመጀመሪያ ንባብ ያየውና «ለዝርዝር ዕይታ» ለቋሚ ኮሚቴ ይመራዋል፤ ኮሚቴው የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ሲመለስ ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚያ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይሄዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 ለመፈረሚያ 15 ቀን ይሰጣል። ካልተፈረመስ? ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል። የእኛ ፕሬዚዳንት «አልፈርምም» ቢሉ የሚያዘገዩት እነዚያኑ ቀናት ብቻ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አንቀጽ 71 ፕሬዚዳንቱ ሕጎችን በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃል ይላል፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አይናገርም። የብዙ አዋጆች የመጨረሻ አንቀጽ ደግሞ በጋዜጣው «ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል» የሚል ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅን፣ ቁጥር 1185ን አስታውሱ። የካቲት 5 ቀን 2012 በ297 ድጋፍ፣ በ23 ተቃውሞና በ2 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ጋዜጣው ላይ የሰፈረው ቀን መጋቢት 14 ነው። በመሀል 39 ቀን አለ። በእነዚያ ቀናት ፌስቡክ ላይ የጻፈ ሰው ሁሉ አዲሱ ሕግ የሚሠራ መስሎት ሊሆን ይችላል። ገና አልጸናም ነበር።

ለብዕሩ ቀን ከተቆረጠ ለኅትመቱ ለምን አይቆረጥም? አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ማስተካከል ጊዜ እንደሚፈጅ ይገባኛል። ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነውና እዚያ ላይ መቻኮልም አያስፈልግም። ግን ድምፅ የተሰጠበት ጽሑፍ ምክር ቤቱ ውስጥ አለ፤ «ገና አልታወጀም» ተብሎ በዚያው ዕለት ድረ ገጽ ላይ ቢወጣ ማንን ይጎዳል? ጋዜጣው ስሙን የወሰደው በአደባባይ ሲጎሰም ከነበረው ከበሮ ነው። ያኔ አዋጅን ገበያ የወጣ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰማ ነበር። ዛሬ የአንዱን አዋጅ ቅጂ ከቴሌግራም ቻናል ለቃቅመን ስናነብ ረቂቁ ይሁን የጸደቀው እንኳ አንለይም።

ለባለሱቁ ይህንኑ ባጭሩ ነገርኳቸው። «ታዲያ ጋዜጣው የት ነው የሚሸጠው?» አሉኝ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አልኳቸው። «ታትሞ መውጣቱንስ ማን ይነግረኛል?»

ወራጅ ብለው ወረዱ፤ እኔም መልስ አልነበረኝም።