ወደቡ ደረቅ፣ ዓሣው ትኩስ

ኮምቦልቻ ወደብ አላት። ይህን ለእንግዳ ሲነግሩት ዓይኑ ይፈጥጣል። ስልኩን አውጥቶ ካርታ ይከፍታል፤ ጣቱን ከቀይ ባሕር እስከ ቦርከና ይጎትትና "የምን ወደብ?" ይላል። ደረቅ ወደብ ነዋ! ኮንቴይነሩ አለ፣ ክሬኑ አለ፣ የጉምሩክ ወረቀቱ አለ፣ ሽርጥ ያገለደመ የጅቡቲ መስመር ሹፌርም አለ። የቀረው ውኃው ብቻ ነው፤ እሱም በሚሌ በኩል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢኬድ ይገኛል።

የወደብ ከተማ ሰው ደግሞ የወደብ ከተማ ጠባይ አያጣም። ቅዳሜ ሲመጣ ውኃ ዳር ካልተቀመጠ ያመዋል።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በከፍታ ግን 600 ሜትር ግድም ይበላለጣሉ። መቶ ሜትር በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር፣ በመሐል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው 4 ዲግሪ ያህል በነፃ አገኘ ማለት ነው። ለዚህች 4 ዲግሪ ሲል የደሴ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ጃኬቱን እንደቆለፈ ይወርዳል። የኮምቦልቻ ሰው በዚያው ሰዓት "ሙቀቱ ገደለን፣ እስቲ አየር እንቀበል" ብሎ በቲሸርት ይወጣል። ሁለቱ ሚኒባሶች ሐረጎ ላይ ሲተላለፉ በመስኮት ይተያያሉ። "ምስኪን፣ ይሄ ደሞ ምን ፍለጋ ይሄዳል?" ይባባላሉ። ማታ አንዱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሌላው ጥርሱን እያንቀጫቀጨ በዚያው መንገድ ይመለሳል።

ሐረጎ ራሱ መዝናኛ ነው፣ ሹፌሩ ካወቀበት። ያወቀበት ሹፌር በከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት ይተውና ፍሬኑን አለፍ አለፍ እያለ ብቻ ነካ ያደርገዋል። ያላወቀበት እግሩን ከፍሬን ላይ አያነሣም። ጥቂት መታጠፊያ እንደታለፈ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፤ ከኋላ ያሉት "የሚሸት ነገር አለ" ሲሉ እሱ "ገበሬ ገለባ እያቃጠለ ነው" ይላል። ገለባው የራሱ የፍሬን ሸራ ነው። እንዲህ ሲሆን ዳር ይዞ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው እንጂ ውኃ አይደፋበትም፤ የጋለ ብረት ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ጉም ሲወርድ ደግሞ ረጅም መብራት የሚያበራ አለ። ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይኑ ላይ ይደፋበትና መንገዱ ነጭ ግድግዳ ይሆንበታል። አጭሩን አብርቶ የአስፋልቱን ጠርዝ እያዩ ቀስ ማለት እያለ!

ጉምን ካነሣን፣ ደሴ ራሷ በሽርሽር የተቆረቆረች ከተማ ናት ቢባል አያጣላም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በፈረንጆቹ 1882 እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ደስ ቢላቸው ቦታውን ደሴ አሉት ይባላል። ያን ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር ማለት ነው። ክረምት ላይ መጥተው ቢሆን ኖሮ የከተማዋ ስም ዛሬ ምን ይሆን ነበር?

አሁን አሁን ወጣቱ "ማንም የማያውቀው ቦታ" የሚል በሽታ ይዞታል። ደሴ ውስጥ ማንም የማያውቀው ቦታ ማለት የሰኞ ገበያ ያህል ሰው ተሰብስቦበት እርስዎ ብቻ ያልሰሙት ቦታ ነው። አዝዋ ገደልን እንውሰድ። በእውነት ያምራል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት የደረሰ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ታች ያለውን አገር እንደ መሶብ ተከፍቶ ያየዋል። አርፍዶ የደረሰ ጉም ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ግን ማን ቁልቁል ያያል? ሁሉም ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ስልክ ያያል። ከዚህ ላይ አንዲት ነገር፤ ገደል አፋፍ ላይ አቁሞዎት "ትንሽ ወደ ኋላ… አሁንም ትንሽ…" የሚል ፎቶ አንሺ የልብ ጓደኛዎም ቢሆን አይታመን። ጦሳ የሚወጣውም እንደዚሁ ነው። ተራራውን ሊያይ ወጥቶ ከላይ ሆኖ የሚፈልገው የራሱን ቤት ቆርቆሮ ነው። "ያቺ ናት… አይ፣ ከሷ ቀጥላ ያለችው" ሲል ይውልና ይወርዳል።

የደሴ ትክክለኛው ባሕር ያለው ግን በሰሜን በኩል፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስሙ ሐይቅ፣ ከተማውም ሐይቅ። ስም ለማውጣት ማንም አልተጨነቀም። ችግሩ መንገዱ አይደለም፤ ቀኑ ነው። አሥር ጓደኛሞች አብረው የሚወጡበትን ቀን ይምረጡ እስቲ። ዓርብ ከጁምዓ በፊት አይሆንም። እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ አይሆንም። ቅዳሜ አንዱ ለቅሶ፣ አንዱ ሰርግ አለበት። ረመዳን ሲያልቅ ዐቢይ ጾም ያዘ፣ 55 ቀን። እሱ ሲፈታ ዝናብ ጀመረ። እንዲህ እየተባለ ለጥቅምት የታሰበ ሽርሽር ሰኔ ላይ ይደርሳል።

ቀኑ ተገኘ እንበል። ቀጥሎ ሥጋው ይመጣል። አሥሩ ደሴዎች ናቸውና አምስቱ የእስላም፣ አምስቱ የክርስቲያን ሥጋ ይበላሉ። ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት አገልግል ሊሆን ነው። የሐይቅን ጥበብ የሚያስረዳው ይህ ነው። ዓሣ አይባረክም፣ ካራው የማን ነው አይባልም፤ ከውኃ ወጣ፣ አለቀ። አንድ ትሪ ላይ አሥር እጅ ያርፍበታል። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ "አይጠየፍ" ይባላል፤ መጪውን ሁሉ የማይጠየፍ ለማለት ነው። ዛሬ ያንን ሥራ በነፃ የሚሠራው ቆሮሶ የሚባለው የሐይቅ ዓሣ ነው። የቀረችው አንዲት ክርክር ብትኖር "ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም" የምትለዋ ናት፤ እሷም 30 ኪሎ ሜትሩን በትክክል ትሞላለች።

ቆሮሶው ራሱ መጤ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው በፈረንጆቹ 1978 ነው። የእስጢፋኖስ ገዳምን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀኑት አባ ኢየሱስ ሞዓ ውኃው ዳር ዘመናቸውን ሲያሳልፉ ቆሮሶ የሚባል ነገር አላዩም። ዛሬ "የአባቶቻችን ምግብ" እያለ አጥንቱን የሚግጠው ጎልማሳ በዕድሜ ከዓሣው ይበልጣል።

ዓሣ ቢኖርም ታዲያ እናቶች አገልግል ሳያስይዙ አይልኩም። "ሰው አገር ሄዳችሁ ብታጡስ?" ይላሉ፤ ሰው አገሩ 30 ኪሎ ሜትር ነው። አገልግል መቋጠር ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ወጡ ወፈር ብሎ ይሠራል፤ ከተሠራም በኋላ በደንብ ይበርዳል። ትኩሱን ከጨመሩት እንፋሎቱ ክዳኑ ሥር ተጠራቅሞ ይንጠባጠብና እንጀራው ፍትፍት ሆኖ ይደርሳል። ከሥር ሁለት እንጀራ ይነጠፋል፣ ጠርዙ በአገልግሉ አፍ ተርፎ እንዲንጠለጠል ተደርጎ። ወጡ መሐል ላይ ይሆናል፣ የተቀቀለው እንቁላል ወጡ ውስጥ ይቀበራል፣ የተጠቀለለው እንጀራ ዙሪያውን ይደረደራል፣ የተረፈው ጠርዝ ተመልሶ ይሸፍነዋል። ከዚያ ጠፍሩ ይጠብቃል። መኪና ውስጥ መቀመጫው እግር ሥር ነው፣ ቀጥ ብሎ። ጭን ላይ የያዘው ሰው መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ሱሪውን ያጠቅሳል።

ቀጠሮው ጠዋት 1 ሰዓት ፒያሳ ነው። 2 ሰዓት ላይ ሁለት ሰው ይገኛል፤ አንደኛው ሹፌሩ ነው። 3 ሰዓት ላይ "ደርሻለሁ፣ ቧንቧ ውኃ ሰፈር ነኝ" የሚል ይደውላል፤ ከስልኩ ውስጥ ግን የሻወር ድምፅ ይሰማል። ኮንትራት ሚኒባሱ የተነጋገረው ለአሥር ሰው ነበር። አንዱ እኅቱን፣ እኅቱ ጓደኛዋን፣ ጓደኛዋ "ብቻውን ቤት አይቀርም" ብላ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ትመጣለች። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ከነሹፌሩ አሥራ አራት ሆነው ይነሣሉ። ነዳጅ ለመቅዳት ወረፋ ይቆማሉ፤ ማታ መቅዳት ይቻል ነበር።

ሐይቅ እንደተደረሰ መጀመሪያ ጀልባ ነው፣ ምሳ በኋላ። ይህን ገልብጦ የሚያደርግ ብዙ ነው፤ ቅጣቱንም ያገኛል። ጠዋት ውኃው እንደ መስተዋት ይተኛል። ከሰዓት መሬቱ ሲግል ነፋስ ይነሣና ማዕበል ይሠራል፤ በላዩ አንድ ሙሉ ቆሮሶ በልቶ ጀልባ ላይ የወጣ ሰው ዓሣውን ለሐይቁ ይመልሳል። የሕይወት ጃኬት ሲሰጥዎት "ዋናተኛ ነኝ" አይበሉ። ዋናው የተለመደው ወንዝ ውስጥ፣ ጉልበት ድረስ ነው፤ ይህ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል።

ገዳሙ ደግሞ ለሴቶች አይፈቀድም። ስለዚህ ቡድኑ እዚያ በር ላይ ለሁለት ይከፈላል። ወንዶቹ "አምስት ደቂቃ" ብለው ይገባሉ፤ መነኮሳቱ ትሑት፣ ቅርሱ ብዙ፣ ጥላው ቀዝቃዛ ስለሆነ በአንድ ሰዓት ይወጣሉ። ሴቶቹ ውጪ ሆነው የሐይቁን አፈ ታሪክ ያነሣሉ። ልዕልት አንዲት ነፍሰ ጡር በደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ልዕልቲቱን ከነወገኗ በውኃ ሲያሰጥም፣ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደረቅ ሆና ቀረች፤ ገዳሙ ያለው እዚያ ላይ ነው። "እና ሴት ያዳነችው መሬት ላይ እኛ አንገባም?" የምትል አንዲት አትጠፋም። መልስ የያዘ ወንድ እስኪወጣ ድረስ ጥያቄው ይጠብቃል፤ ሲወጣ ርቦት ይወጣል።

አሁን ዓሣው። ከአጥማጁ ሲገዙ ዓይኑን ይዩ፤ ጥርት ብሎ ያበጠ ከሆነ የዛሬ ነው፣ ደፍርሶ የሰረጎደ ከሆነ ያደረ ነው። የጆሮ ግንዱን ገለጥ ያድርጉ፤ ውስጡ ቀይ መሆን አለበት። ለአንድ ሰው 300 ግራም ገደማ የሚሆን አንድ ይበቃል። ቅርፊቱ በቢላዋ ጀርባ ከጭራ ወደ ራስ ይፋቃል፣ ሆድ ዕቃው ይወጣል፣ በእያንዳንዱ ጎኑ ሦስት አራት ጊዜ እስከ አጥንቱ ይተለተላል። ጨውና ሎሚ ይታሽና ሩብ ሰዓት ይቀመጣል። ከዚያ፣ ሁሉም የሚዘለው ይህን ነው፣ በጨርቅ ይደርቃል። እርጥብ ዓሣ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ተኩስ ይከፍታል። ዘይቱ መጋሉን ለማወቅ ቁንጥር ዱቄት ጣል ማድረግ ነው፤ ወዲያው ከተንጫጫ ደርሷል። ሁለት ሁለት ይጠበስ። "ርቦናል፣ ስድስቱንም ክተተው" ያለ ዘይቱን አቀዘቀዘው፤ ዓሣው ከመጥበሻው ጋር ተጣብቆ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ ቆዳው ለመጥበሻው፣ አጥንቱ ለእንግዳው ይደርሳል። አሥር ደቂቃ፣ አንዴ ብቻ ተገልብጦ። ሎሚና ሚጥሚጣ፣ ሌላ ጌጥ አያሻውም።

በዚህ መሐል ከአሥራ አራቱ አንዱ፣ የማያጡት፣ "ይሄማ ቱሪስት የሚያየው ነው፣ እውነተኛው አርዲቦ ነው" ይላል። እውነቱን ነው፣ ያስጠላል እንጂ። አርዲቦ ከሐይቅ በደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ የተኛ ታናሽ ሐይቅ ነው፤ በአንከርካ ወንዝ አድርጎ ውኃውን ለታላቁ ይልካል። ጸጥታው የተለየ ነው። መንገዱ ግን ጸጥታውን የሚጠብቅለት ነው፤ ኮረኮንች ላይ ሚኒባስ ይዞ የሄደ ከሹፌሩ ጋር ሁለተኛ አይነጋገርም። ቀን ለይቶ፣ ከፍ ያለ መኪና ይዞ መሄድ ነው። ታላቁ ሐይቅ ደግሞ ከአርዲቦ ይቀበላል እንጂ ለማንም አያሳልፍም፤ መውጫ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ዛሬ ውኃው ላይ የተወረወረው ባዶ ሃይላንድ የትም አይሄድም። በሚቀጥለው ዓመት ሲመጡ እዚያው ይጠብቅዎታል፣ ሰላምታ ያልተለዋወጠ ወዳጅ መስሎ።

ቡናው ይቀራል። ለአሥራ አራት ሰው ሁለት ጀበና ያስፈልጋል፤ አንድ ጀበና ይዞ የሄደ አቦሉን ለግማሹ አጠጥቶ ሌላው ግማሽ ሲያኮርፍ በረካ ላይ ይደርሳል። ስኒ ሁለት ትርፍ ይያዝ፣ ይሰበራልና። ምድጃው ከሚኒባሱ ጀርባ ነፋስ በማይደርስበት ይቀመጥ፤ ውኃው ፊት ለፊት ካስቀመጡት ከሰሉ በአንድ ጊዜ ነዶ ያልቅና ዕጣኑ ጅቡቲ ይደርሳል። ፈንዲሻ ከቤት ተፈንድቶ ይመጣል። ቡናን ግን ቆልቶና ወቅጦ መምጣት እንደ ነውር ስለሚታይ ሙቀጫውም ይጓዛል። ከዋናተኞቹ ሁሉ ቁምጣ የያዘ አንድም የለም፤ ሙቀጫ ግን አልተረሳም።

ፀሐይ ሲያዘነብል ሁሉም ውኃው ዳር ተሰልፎ ፎቶ ይነሣል፤ ሱሪ እስከ ጉልበት ተጠቅልሎ፣ ጫማ በእጅ። ከሥሩ "ባሕር ዳር" ብሎ የሚጽፍ አለ። በዚያች ሌሊት ጎጃም ያሉ ዘመዶቹ "መጥተህ ሳትጠይቀን?" ብለው ይደውሉለታል።

ደሴ ሲገባ ጉሙ ወርዷል፣ ጃኬት ይቆለፋል። እናት በር ላይ አገልግሉን ይቀበላሉ፤ ይመዝኑታል፤ እንደሄደ ነው የተመለሰው።

"ምነው ልጄ፣ ምግቡ አልጣመም?"

"ዓሣ በላን እማዬ።"

"ዓሣማ ምግብ ነው? ቡናስ ጠጣችሁ?"

"ሦስቱንም።"

"የመንገድ ቡና!" ይላሉ እማዬ፣ ጀበናውን እያነሡ። "በል ተቀመጥ፣ ጎረቤት ጥራ።"