ዊንዶውስ 11 የናቀው ኮምፒውተር ለጅማ ሳሎን ይበቃል

ጅማ መርካቶ ያገለገለ ኮምፒውተር ልትገዙ ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ የፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ደረጃ «አይ ሰቨን ነው» ብሎ ነው። የገዢውም ጥያቄ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ራሙ ስንት ነው? ሃርድ ዲስኩስ? ከዚያ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። ለቢሮ ሥራ ከሆነ ይሁን። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ፊልም ለሚያጫውት ኮምፒውተር ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ «ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ነው?» የሚለው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሰባተኛ ጄኔሬሽን አይ ስሪ ግዙና በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሲስተም ጫኑበት እላለሁ።

ምክንያቴን ላስረዳ። ቪዲዮ የሚቀመጠው ተጨምቆ ነው። ስናየው መፈታት አለበት። ፕሮሰሰሩ ውስጥ፣ ከግራፊክሱ ጋር፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል አለ። ይህ ክፍል የቪዲዮውን አጨማመቅ ካወቀው ዋናው ፕሮሰሰር እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ካላወቀው ሸክሙ ሁሉ ዋናው ላይ ይወድቃል። ፋኑ ያጓራል፣ ምስሉ ይቆራረጣል። ክፍሉ ምን ምን እንደሚያውቅ የሚወስነው ደግሞ ጄኔሬሽኑ ነው። አይ ስሪም ሆነ አይ ሰቨን ለውጥ አያመጣም።

የፕሮሰሰር አምራቹን ኢንቴልን እንውሰድ። ሁለተኛና ሦስተኛ ጄኔሬሽን ኤች 264 የሚባለውን የቆየ አጨማመቅ በደንብ ይፈታሉ። ኤችኢቪሲ፣ በሌላ ስሙ ኤች 265፣ በስድስተኛው ገባ፤ ያውም ባለ 8 ቢቱ ብቻ (ቢቱ ሲበዛ የቀለሙ ዝርዝር ይበዛል)። ባለ 10 ቢቱና ዩቲዩብ የሚጠቀምበት ቪፒ 9 የተሟሉት እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው በሰባተኛው ነው። ከእነዚህ አዲስ የሆነው አጨማመቅ ኤቪ 1 እስከ አሥራ አንደኛው ቆየ። የኢንቴልን ተፎካካሪ ኤኤምዲን ለምትወዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የወጡት ግራፊክስ ያላቸው ራይዘን ፕሮሰሰሮች በዚህ በኩል ከሰባተኛው ኢንቴል አያንሱም።

አሁን ሁለት ፕሮሰሰር ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሦስተኛ ጄኔሬሽን አይ ሰቨን 3770 ነው። አራት ኮር አለው፣ 77 ዋት ተብሎ ተመድቧል። ሌላው ለላፕቶፕ የተሠራው ሰባተኛ ጄኔሬሽን አይ ስሪ 7100ዩ ነው። ሁለት ኮር፣ 15 ዋት። ሱቅ ውስጥ የሚሞገሰው የመጀመሪያው ነው። ጉልበታም መሆኑን አልክድም፤ ተራውን ኤችዲ ፊልም በጉልበቱ ብቻ ያስኬደዋል። ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲ የሆነ የ4ኬ (ከኤችዲ እጅግ የጠራ) ፊልም ስትሰጧቸው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጉልበታሙ ላብ በላብ ሲሆን ትንሹ አይ ስሪ ምንም እንዳልተፈጠረ ያጫውተዋል።

«4ኬ ደግሞ ማን አለው?» የሚል አይጠፋም። ሰርግ የደገሰ ቤት አለው። የዘንድሮ ቪዲዮ አንሺ በ4ኬ ቀርፆ በፍላሽ ነው የሚያስረክበው። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሲሰካው አንዳንዴ ጭራሽ አይከፍትም። ፊልም ሲሆን ደግሞ ምስሉ መጥቶ ድምፁ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይሄ የፍላሹ ጥፋት አይደለም። ለምሳሌ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ባወጣቸው ቴሌቪዥኖች ላይ ዲቲኤስ የሚባለውን የድምፅ ዓይነት አንስቷል። ኮምፒውተር ሳሎን ውስጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይከፍታል። ኳስ ለማየት ግን አትድከሙ። ለሱ ዲኤስቲቪ ቤቱ አለ፣ ጩኸቱም እዚያ ነው።

ወደ ሲስተሙ እንለፍ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በማይክሮሶፍት ዝርዝር መሠረት ከኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች አይቀበልም። ስለዚህ ሰባተኛው ከበር ውጭ ቀርቷል። ገዢው ይህን ሰምቶ ይሸሸዋል፣ ሻጩም ቶሎ ሊገላገለው ይፈልጋል። ለሳሎን የሚፈልግ ሰው የሚደራደረው እዚህ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት የናቀው ይኸው ፕሮሰሰር ቪዲዮ ለመፍታት የሚያስፈልገንን ከሞላ ጎደል አሟልቷል። ሊኑክስ ደግሞ ዕድሜውን አይጠይቀውም።

ለፊልም ብቻ ከሆነ ሊብሬኤሌክ በቂ ነው። ኮዲ የተባለውን ማጫወቻ ብቻ እንዲያስነሳ ተደርጎ የተሠራ ትንሽ ሊኑክስ ነው። ከ8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይነሳል፣ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ መሞከር ይቻላል። ኮምፒውተሩ ሲበራ በቀጥታ የፊልሞቹ ዝርዝር ይመጣል። የአያት ስልክ እንኳ ከዚህ ይከብዳል። ማይክሮሶፍትም በአንድ ወቅት ሚዲያ ሴንተር የሚባል ተመሳሳይ ነገር ነበረው፤ ዊንዶውስ 10 ሲመጣ አስቀረው።

ዊንዶውስን የምቃወመው በጥላቻ አይደለም። የእኛ ቤት ኢንተርኔት በአብዛኛው የስልክ ፓኬጅ ነው። የተገዛው ጊጋባይት ማታ ሳይታወቅ በአፕዴት ሲያልቅ ያየ ሰው ይገባዋል። ፊልም ልታዩ ቁጭ ስትሉ «አፕዴት እያደረግኩ ነው፣ አታጥፉኝ» የሚል ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣ ደግሞ በጣም ያናድዳል። ያለ ፈቃድ የተሰበረ (ክራክ የተደረገ) ዊንዶውስ ከነቫይረሱ ሲጫንላችሁ የሚመጣውን አታንሱት።

ዊንዶውስ የሚያዋጣበት ቦታ አለ። ኔትፍሊክስ የሚከፍል ሰው በሊኑክስ ብሮውዘር ላይ ጥራቱ ዝቅ ይልበታል፤ ጉዳዩ ባለመብቶች ፊልሙ እንዳይቀዳ ያደረጉበት ቁልፍ ነው፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር አይገናኝም። ልጆቹ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ኢንጂነሪንግ እየተማሩ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ሶፍትዌር የሚፈልጉም ይኖራሉ። ለእነሱ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ይገዛና ዊንዶውስ 11 ይጫን። ቤቱ የሚፈልገው ፊልም፣ ብሮውዘርና ጽሑፍ መጻፊያ ብቻ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ኮዲን መጫን ይበቃል።

የመብራቱ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ከከተማችን ብዙም አይርቅም። መብራት ግን ሲያሻው ይሄዳል፣ ሲያሻው ይመጣል። ባትሪና ኢንቨርተር ያለው ሰው በ77 እና በ15 ዋት መካከል ያለውን ልዩነት በሰዓት ቆጥሮ ያውቀዋል። ጩኸቱም አለ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳን የፋን ድምፅ የተዋናዩም አይሰማም። በጋ ሲሆን ግን የድሮው ዴስክቶፕ ፋን ሳሎኑን ይሞላዋል።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ስክሪኑ የተሰበረ ሰባተኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ ነው። ስክሪን ማስቀየር ውድ ስለሆነ ባለቤቱ በቅናሽ ይለቀዋል። ለእኛ ቴሌቪዥኑ ስክሪን ነው። ባትሪው ትንሽ እንኳ ከያዘ መብራት ድንገት ሲሄድ ሃርድ ዲስኩ አይደነግጥም። የእነዚህ ላፕቶፖች ኤችዲኤምአይ በአብዛኛው 4ኬን በሰከንድ ከ30 ምስል በላይ አያወጣም፤ ፊልም ግን ባብዛኛው 24 ስለሆነ አይጎዳም። ገንዘብ ያለው፣ ከአዲስ አበባ የሚያመጣለት ሰው ያለው፣ ኢንቴል ኤን 100 ያለበትን ትንሽ ኮምፒውተር ይያዝ። 6 ዋት ተብሎ የተመደበ ነው፣ ኤቪ 1 ሳይቀር ይፈታል።

ልትገዙ ስትሄዱ ሁለት ፍላሽ ያዙ። አንዱ ላይ ሊብሬኤሌክ ይጫን፣ ሌላው ላይ ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲ የሆነ የ4ኬ ቪዲዮ ይኑር። ሱቁ ውስጥ ካለ ስክሪን ጋር በኤችዲኤምአይ አገናኙና ከፍላሹ አስነሱት። ቪዲዮው እየሄደ ኪቦርዱ ላይ የእንግሊዝኛዋን «ኦ» ስትነኩ ኮዲ ቪዲዮውን ማን እየፈታው እንደሆነ ያሳያል። ከዲኮደሩ (ቪዲዮ ፈቺው) ስም አጠገብ «ኤች ደብሊው» የሚል ካለ ሥራው በተገቢው ክፍል እየተሠራ ነው። «ኤስ ደብሊው» ካለ ዋናው ፕሮሰሰር እየተሸከመው ነው፤ አይ ሰቨን ቢሆንም ዋጋውን አትጠይቁ።