«አጋጣሚ አይደለም!»

«አጋጣሚ አይደለም» የሚል ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ፣ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል። ስልክ የደወለ ሰው ሳይሆን ከላይ የተላከ መልእክተኛ ይመስላል። ሰሞኑን ይህ ነገር በእኔ ላይ ደረሰ። ስለ ደም ግፊት አንድ ጽሑፍ እያነበብኩ ሳለ፣ ከትምህርት ቤት ወዲህ ዐይኑን አይቼ የማላውቅ ሰው ደወለና ሰላምታውን እንኳ ሳያደርስ «ግፊትህን ተለክተህ ታውቃለህ?» አለኝ። የማነበውን ነገርኩት። ያን ጊዜ ድምፁ ዝቅ አለ።

አጋጣሚዎች ትርጉም አላቸው ይል የነበረው የስዊዘርላንዱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። አንዲት ታካሚው በሕልሟ ያየችውን የወርቅ ጥንዚዛ ስትተርክለት አንድ ጥንዚዛ መጥቶ መስኮቱን እንዳንኳኳ ጽፏል። ያ ጥንዚዛ ግን ምክር አልሰጠም። ጨዋ ጥንዚዛ ነበር።

ሒሳቡ ሌላ ይላል። 23 ሰዎች በአንድ ክፍል ቢሰበሰቡ፣ ቢያንስ የሁለቱ ልደት በአንድ ቀን የመዋሉ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት ደግሞ ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው አዋቂዎች ከ1 ቢሊዮን በላይ ናቸው፤ ግማሽ ያህሉም አያውቁትም። እንግዲህ በስልክህ ለተመዘገበው ሰው ሁሉ ብትደውል፣ ከአንዱ ዘንድ ነቢይ መባልህ አይቀርም። ሰውየውም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በኋላ እንደሰማሁት ለሌሎቹም የክፍል ጓደኞቻችን ደውሏል። አንዱ ተኝቶ ነበር፤ ሌላው ከአከራዩ ጋር እየተጨቃጨቀ ነበር። ስለ እነርሱ ምንም አላነሳም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለውን ተረት አብዝቼ እወደዋለሁ። የአጋጣሚ ነቢያትም ወጊዎች ናቸው፤ የሳቱትን ሁሉ ረስተው ያገኙትን ብቻ ይቆጥራሉ። እኔ ግን ተወግቻለሁ። ይህ ሰው የመጨረሻው ፈተና ሲቃረብ የባዮሎጂ መጽሐፌን ተውሶኝ ነበር። «ለአንድ ማታ» ነበር ያለኝ። ፈተናው አለፈ፤ ትምህርት ቤቱም አለቀ፤ ማታው ግን አልነጋም። ይህን ሁሉ ዘመን «የሰው መጽሐፍ መልስ» የሚል ምልክት ከየትም አልመጣለትም? ሰማዩ የሚናገረው ስለ እኔ ግፊት ብቻ ነው? ይባስ ብሎ ስለ ልብ ሥራ ሲያስረዳኝ «አንድ የቆየ መጽሐፍ አለኝ፤ የልቡ ሥዕል በቀይና በሰማያዊ እርሳስ ተቀብቷል፤ ግሩም ነው» አለኝ። የቀባሁት እኔ ነኝ! ግፊቴ ከፍ ብሎ ከሆነ የዚያን ሰዓት ነው።

ምክሩስ ምን ነበር? በቀን ስምንት ብርጭቆ ውኃ። እ.ኤ.አ. በ1945 የአሜሪካ የምግብና ሥነ ምግብ ቦርድ አዋቂ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ውኃ እንደሚያስፈልገው ጽፎ፣ አስከትሎም አብዛኛው ከምግብ እንደሚገኝ ገልጾ ነበር። ዓለም የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ጠጣና ሁለተኛውን ደፋው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ያልተጠየቀ ምክር ግማሹ ተቆርጦ ይመጣና፣ «አጋጣሚ አይደለም» የሚል ማኅተም ስለተመታበት ብቻ መከራከር ነውር ይሆናል።

የሚጠቅመውንማ አልነገረኝም። ከመለካት በፊት 5 ደቂቃ በጸጥታ መቀመጥ፣ ጀርባን አስደግፎ እግርን አለማነባበር፣ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍ፣ ከሁሉም በላይ በሚለኩበት ጊዜ ዝም ማለት። ማውራት ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ለእርሱ ይህ የመጨረሻው እንዴት እንደሚሆንለት አላውቅም።

ለማንኛውም ተለክቻለሁ። ቁጥሩን ግን አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። ከፍ ያለ ከሆነ «አላልኩህም?» ይላል፤ ደኅና ከሆነ «ውኃውን ጀመርክ ማለት ነው» ይላል። መጽሐፉን ያምጣና እንነጋገራለን።