«ሁለት ቀን ነፃ ነው፤ ምን ጎደላችሁ?»

ይህን ያለኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ነገሩ የተነሳው በቻርሊ ብራውን የገና ካርቱን ነው። አፕል የፒነትስን (የቻርሊ ብራውንና የጓደኞቹን) ፊልሞች በሚከፈልበት የኢንተርኔት ቴሌቪዥኑ ብቻውን የሚያሳይበት ውል እስከ 2030 መራዘሙን ሰምቼ ስበሳጭ አየኝና ሳቀ። «የ25 ደቂቃ ካርቱን እኮ ነው» አለ። «ደግሞም አሮጌና ደካማ ሥራ ነው፤ የምትወደው ስላደግክበት ብቻ ነው።» ቀጥሎ ያቺን ጨመረባት፤ «በየዓመቱ ሁለት ቀን በነፃ ይለቁታል፤ ምን ጎደላችሁ?»

እስቲ ከሁለቱ ቀን እንጀምር። በዲሴምበር አጋማሽ አንድ ቅዳሜና እሁድ ናቸው። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ማወቅ የአንተ ፋንታ ነው። አፑን ፈልጎ ማግኘትም፣ ኢንተርኔትም እንደዚያው። በ2022 አራት ቀን ነበር፤ በዓመቱ ሁለት ሆነ። እንደ ሳሙና እያለቀ ያለ ስጦታ ነው። እሱ ግን ምስጋና ይጠብቅብኛል!

እኔ ይህን ካርቱን ፈልጌ አላገኘሁትም። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አሜሪካ ከገባን ሁለት ወር አልሞላንም። እንግሊዝኛ አልሰማም። ኬብል የለንም። ያለን ሰው የሰጠን ቴሌቪዥን ነው፤ አንቴናው ጫፍ ላይ ፎይል ተጠቅልሎበታል። አንድ ማታ ቻናል ስቀይር በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ልጆች መጡ። እናቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ አየችና «የፈረንጅ ገና ነው እንግዲህ፤ የእኛ ገና ገና ነው» ብላ ተመለሰች። እኔ ፎይሉን ይዤ ቆሜ ጨረስኩት። እጄን ስለቅ ምስሉ ይጠፋ ነበራ።

ባልደረባዬ ቢያስብበት ደስ ይለኛል። ያ ልጅ ዛሬ ቢሆን ምን ይፈልጋል? ስሙን አያውቀው። ፈልጎ የሚሰጠውም ሰው የለው። ወላጆቹ ሁለት ሥራ ላይ ናቸው። ለእንደዚያ ዓይነት ልጅ «ፈልግና እይ» ማለት «አትይ» ማለት ነው። በክፍት አየር የሚተላለፍ ቴሌቪዥን ማንነትህን አይጠይቅህም። ሰዓቱ ሲደርስ ይመጣል፤ ሀብታሙም ቤት፣ የእኛም ቤት በዚያው ደቂቃ። በማግስቱ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ እንደ ቻርሊ ብራውን ውሻ፣ እንደ ስኑፒ፣ አንገቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲጨፍር ገባኝ። በዚያ አገር የገባኝ የመጀመሪያ ቀልድ እሱ ነበር። ይህን ጉዳይ የኮንትራት ጉዳይ ነው የሚለኝ ሰው በጣም ያናድደኛል።

«አሮጌና ደካማ ሥራ ነው» ለሚለው ደግሞ፣ ዘንድሮ እንደገና ቁጭ ብዬ አየሁት። አዎ፣ ሥዕሉ ይዘላል። የቻርሊ ብራውን እህት የሳሊ ንግግር ይቆራረጣል። የሳሊን ድምፅ የሠራችው ልጅ ማንበብ ያልጀመረች ሕፃን ነበረች፤ ቃሉን ቆርሰው ቆርሰው እያሏት ነው የተቀዳው፣ ኋላ ተገጣጠመ። ለእኔ ያ መቆራረጥ በረከት ነበር። በዚያን ጊዜ ቀስ ብሎ የሚያወራኝ ፈረንጅ እነዚያ ልጆች ብቻ ነበሩ። ሌላም አለ። አዘጋጁ ሊ ሜንዴልሰን የተቀዳ ሳቅ እንጨምርበት ብሎ ነበር፤ የነቻርሊ ብራውን ፈጣሪ ቻርልስ ሹልዝ ተነስቶ ከክፍሉ ወጣ። ሳቁ ቀረ። ቋንቋ የማይሰማ ልጅ ሌላው ሁሉ ሲስቅ ብቻውን ተፋጥጦ መቅረት ምን እንደሚመስል ያውቃል። እዚህ ካርቱን ላይ ግን ማንም አልቀደመኝም። መቼ እንደምስቅ የነገረኝም አልነበረም።

ለነገሩ «ደካማ ነው» ያለው ባልደረባዬ የመጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያ ያስተላለፈው የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊዎችም ከመተላለፉ በፊት አይተውት ቀዝቃዛ ነው ብለዋል፤ ለፊልሙ የተሠራው የቪንስ ጓራልዲ ጃዝም አልጣማቸውም። ዲሴምበር 9 ቀን 1965 ተላለፈ። በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ከከፈተው ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው እሱን አየ። የኤሚንም የፒቦዲንም ሽልማት ወሰደ። ኃላፊዎቹ ቢያንስ አሳይተውታል።

እዚህ ላይ ኮካ ኮላን የሚያነሳብኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ገና ንግድ ሆነ ብሎ የሚያማርረውን ፊልም ከፍሎ ያሠራው ኮካ ኮላ ነው። አስቂኝ ነው፣ አልክድም። ግን ኮካ ሳይገዛ ያየውን ልጅ ማንም አላባረረውም። በካርቱኑ ያለችው ሉሲ እንኳ ለምክሯ 5 ሳንቲም ስታስከፍል ዳሷን የተከለችው መንገድ ዳር ነው፤ ማንም ያገኛታል።

ሲቢኤስ እስከ 2000 አሳየው፤ ከዚያ ሌላው ጣቢያ ኤቢሲ እስከ 2019። በ2020 አፕል ወሰደው፤ ሕዝቡ ሲጮህ ለሁለት ዓመት በሕዝብ ጣቢያው በፒቢኤስም እንዲታይ ፈቀዱ። ጩኸቱ በረደ፣ ፈቃዱም ቀረ። አሁን ምስሉ የጠራ ነው፣ ማስታወቂያም አያቋርጠውም ይሉኛል። ይሁን። እኔ በፎይል አይቼው ምንም አልቀረብኝም።

ከሁሉ የሚያበግነኝ አንድ ቦታ አለ። ቻርሊ ብራውን የገና ትርጉም የሚገባው ሰው የለም ወይ ብሎ ይጮሃል። ጓደኛው ላይነስ ብርድ ልብሱን እየጎተተ መድረኩ መሃል ይወጣል፤ መብራት ያስደርጋል። ከዚያ ሉቃስ ምዕራፍ 2ን በቃሉ ይላል። ያቺን ብርድ ልብስ ማንም አስጥሎት አያውቅም። «አትፍሩ» የሚለው ላይ ሲደርስ ከእጁ ትወድቃለች፤ ራሱም ልብ ያለው አይመስልም። ልጅ ሆኜ አላየሁትም ነበር፤ ያየሁት ዘንድሮ ነው። የሚቀጥለውን ቃል በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ እናውቀዋለን፤ «ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን ታላቅ ደስታ»። ለሕዝቡ ሁሉ! አንድ ቅዳሜና እሁድ ይላል እንዴ? ያንን ውል የፈረመ ሰው ፊልሙን እስከዚህ ድረስ አላየውም ብዬ እምላለሁ። አይቶት ከፈረመ ደግሞ የባሰ ነው።

ዘንድሮ ሳየው እናቴ አጠገቤ ነበረች። ሳሊ ለገና አባት ደብዳቤ ታስጽፋለች። የምትፈልገው ስጦታ ረጅም ዝርዝር ነው፤ ካስቸገረ ግን በጥሬው ይሁን ትላለች፣ በአሥርና በሃያ ዶላር ኖት። ቻርሊ ብራውን ተማርሮ ሲሄድ ሳሊ ግራ ይገባታል። የምፈልገው ድርሻዬን ብቻ ነው ትላለች። እናቴ ከት ብላ ሳቀች። አሁን እንግሊዝኛውን ትሰማለች። «እውነቷን ነው» አለች፣ «ድርሻዋን ነው የጠየቀችው።»