የሥዕል ተማሪም ቀበሌ ይውጣ

የጎረቤታችን ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰደች ወዲህ ቡና ላይ የሚነሳው ወሬ አንድ ነው። ልጅቷ ሥዕል መማር ትፈልጋለች። እናቷ እሺ ብላለች፤ የሚያጨቃጭቀው የት ትማር የሚለው ነው። አጎቷ «ሥዕል ከሆነ አዲስ አበባ ነው እንጂ፣ ትንሽ ከተማ ተቀምጦ ሥዕል ይማራል እንዴ!» ብሎ ዘጋው። እኔም ሥዕል የተማርኩት ከዚህ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ፣ አዲስ አበባ ስለሆነ፣ እንድደግፈው ዞሮ አየኝ። አልደገፍኩትም። ምክንያቴን ሳልጨርስ ቡናው በረካ ደረሰና ሰው ተበተነ፤ የቀረውን እዚህ ልናገር።

ጅማን ትንሽ ከተማ በማለቴ የሚቆጣኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፣ የቡናው ገንዘብም ስንቱን ቤት ሠርቶባታል። ትንሽ የምላት ሥዕል ሸጦ ለሚያድር ሰው ነው።

አጎትየው ሊል የፈለገው ይገባኛል። የዘመናዊ ሥዕል ትምህርታችን ታሪክ አዲስ አበባ ላይ ነው የተጻፈው። ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሥዕል ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን አስተማሩበት። ኤግዚቢሽኑም፣ ገዢውም፣ ሥራህን አይቶ ፊት ለፊት «ይሄ አልተሳካም» የሚልህ ጓደኛም እዚያ ነው። በተለይ ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ወደ ጅማ ከተመለስኩ በኋላ በጣም የጎደለኝ እሱ ነው፤ እዚህ የማሳየውን ሁሉ ሰው «ጎበዝ!» ይለኛል።

ግን ጅማ ሌላ ያላት ነገር አለ፣ እሱም ከሐኪሞቹ የተማርነው ነው። የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ፣ ከጤናው በኩል የመጣው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የዩኒቨርሲቲው መለያ ሆነ። ተማሪዎች «ሲቢቲፒ» የሚሉት ነው። በቡድን ሆነው ቀበሌ ይወጣሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ውኃውን ከየት እንደሚቀዱ፣ ሽንት ቤት እንዳለ፣ ልጆቹ እንደተከተቡ ይጠይቃሉ፣ ችግሩን በቅደም ተከተል አውጥተው መፍትሔ ይዘው ይመለሳሉ። እኛም ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ በር ሲያንኳኳ «ግቡ ልጆቼ» ማለት ለምደናል። ከተማው መጠየቅን ለምዷል።

የምለው እንግዲህ ይሄ ነው፦ በጅማ ሥነ ጥበብ ማስተማር ዋጋ የሚኖረው በዚህ መንገድ ከሆነ ነው። የአዲስ አበባውን ትምህርት ቤት በትንሹ ቀድቶ፣ ከጀሶ የተሠሩ የሰው ጭንቅላቶች ደርድሮ ተማሪውን ግቢ ውስጥ ዘግቶ ማስነደፍ ከሆነ አጎትየው ልክ ነው፤ ልጅቷ አውቶቡስ ትሳፈር።

የት ትውጣ ለሚለኝ፣ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ትውጣ እላለሁ። የጅማ ባርጩማ የማያውቅ የለም፤ ከአንድ ግንድ የሚወጣ፣ ያለ ሚስማርና ያለ ኮላ፣ መደገፊያ ያለውም ሳይቀር። ተማሪ ሳለሁ ስለ ቅርጽና ክብደት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምቻለሁ። እግሩ ለምን ሦስት እንደሆነ የነገሩኝ ግን አንድ ሽማግሌ ጠራቢ ናቸው። «አባባ፣ አራት ቢሆን አይጠነክርም?» አልኳቸው። ስቀውብኝ፣ ባርጩማውን አንስተው ጎርበጥ ያለ መሬት ላይ አስቀመጡት። አልተነቃነቀም። «አራት እግር ሊሾ ቤት ላለው ነው» አሉኝ። ቀጥለውም እንጨቱን እርጥብ ሳለ እንደሚጠርቡት፣ ፀሐይ ላይ ከተተወ እንደሚሰነጠቅ፣ ስለዚህ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ እንደሚያደርጉ ነገሩኝ። መጥረቢያቸው የሚያርፍበትን ቦታ አይለኩም፤ መሮውን የሚያነሱት መጨረሻ ላይ ነው።

እዚያ ባርጩማ ላይ አንድ የትምህርት ዘመን የሚያስጨርስ ነገር አለ። የሚጠረብበት ዋንዛ ራሱ በደን ሕግ ከተጠበቁት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው፤ ነገ በምን እንጨት ሊጠረብ ነው? ጅሬን የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራና ይህ ባርጩማ ምን ይዛመዳሉ? ከዚህ ወጥቶ ወደ አዲስ ሥራ የሚደርስ ሠዓሊ የለም ማለት አይቻልም፤ ዘሪሁን የትምጌታ በሸራ ፈንታ ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጣሪዎች ላይ ሠርተው ዓለም አውቋቸዋል።

አንድ የሚያሳፍረንን ነገር ግን መዝለል አልችልም። ባርጩማውን ሳሎን እናስቀምጣለን፣ ጠራቢውን ግን ለጋብቻ አንመርጥም። አጼ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስድቡ ድምፁን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደብተር ይዞ እኚህ ሰው እግር ሥር ቢቀመጥ፣ መንደሩ የሚያየው ነገር ከስብሰባ ንግግር ይበልጣል።

ችግሩን ልደብቅ አልፈልግም። ዝናቡ ረጅም ነው፤ ክረምት ላይ የዘይት ቀለም አልደርቅ ይላል፣ የወጠርከው ሸራ ከጀርባው ይሻግታል። ደህና ቀለም ከፈለግህ አዲስ አበባ ሰው ትልካለህ። እኔ አቡጀዲ ወጥሬ፣ ኮላና ነጭ የግድግዳ ቀለም ቀብቼ ነው የምሠራው። ገቢውም ያው ነው። መጀመሪያ የያዘኝ ታፔላ መጻፍ ነበር፤ ፀጉር ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ጋራዥ። ባነር የሚያትሙት መጡና እሱም ቀረ። በነገራችን ላይ በእጅ የተጻፉት የድሮ ታፔላዎች ፎቶ እንኳን ሳይነሱ እየወረዱ ነው፤ እሱም አንድ የተማሪ ቡድን ቀበሌ ወጥቶ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነበር።

«ተመርቃ ምን ትበላለች?» ለሚለው አጭር መልስ አለኝ፦ ታስተምር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት አስገብቷል። እኔን ጨምሮ ሥዕል የምንሞክር ሰዎችን የሰፈር ትምህርት ቤት መምህራን እየጠሩ «ይህን ምዕራፍ እንዴት ላስተምረው?» ይሉናል፤ ሒሳብ ወይም ስፖርት ያጠኑ ናቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ቢፈቀድና ሽማግሌው ጠራቢ በሳምንት አንድ ቀን ግቢ ገብተው እንዲያስተምሩ ቢጠሩ፣ ፋይናንስ ክፍያቸውን የሚያወጣው በምን ደረጃ ነው? ቅጹ «የትምህርት ደረጃ» ብሎ ይጠይቃል፤ ማስተርስ፣ ዲግሪ፣ ዲፕሎማ ብሎ ይዘረዝራል። መጥረቢያ ከያዙ አርባ ዓመት እንዳለፋቸው የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ለማስተካከል አንድ መስመር መጨመር ነው የሚያስፈልገው፤ ያንን መስመር ማን እንደሚጨምር ግን ቡና ላይ የጠየቅኳቸው ሁለት መምህራን እርስ በርስ ተያዩ።